የነነዌ ድንጋዮች ምን ይመሰክራሉ?

በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ፣ ሰኞ ተጀምሮ ረቡዕ የሚፈጸመው የሦስት ቀን ጾም በደረሰ ጊዜ፣ የነነዌ ስም በየቤታችን ይነሣል። የነቢዩ ዮናስ መጽሐፍ ይነበባል፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ በዐመድ ላይ መቀመጡ፣ ሰውና እንስሳ በአንድነት መጾማቸው ለሕፃናት ይተረካል። ሆኖም ያች ከተማ በእውነት በምድር ላይ የነበረች፣ ቅጥርና በር፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ መጻሕፍት የነበራት ከተማ እንደ ሆነች፣ ከግድግዳዋ የተነቀሉትም የተቀረጹ ድንጋዮች ዛሬ በዓይን እንደሚታዩ፣ በእጅም እንደሚዳሰሱ ያህል በቅርብ እንዳሉ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሎንዶን ከተማ በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር በአሦር አዳራሾች ተዘዋውረን የተመለከትነውን፣ ሊቃውንትም ስለ እነዚህ ድንጋዮች መርምረው የደረሱበትን ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ተብሎ ከተጻፈው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነነዌ የነበረችበት ስፍራ ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር፣ ከአሮጌው የሞሱል ከተማ ፊት ለፊት፣ በጤግሮስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር ነው። የቅጥሯ ዙሪያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በቅጥሩ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጉብታዎች አሉ። አንደኛው ኩዩንጂክ ይባላል፤ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት የተገኘው በእርሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ነቢ ዩኑስ ይባላል፤ ትርጓሜውም ነቢዩ ዮናስ ማለት ነው። የአገሩ ሰዎች የነቢዩ መቃብር በዚህ ነው ብለው ከጥንት ጀምሮ ሲያከብሩት ኖረዋል። ከተማዪቱ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ612 ዓመት በባቢሎናውያንና በሜዶን ሠራዊት እጅ ወድቃ ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ጭቃው በዝናም እየሟሟ፣ አፈሩም በላይዋ ላይ እየተቈለለ፣ በጎችና ፍየሎች የሚሰማሩባት ኮረብታ ሆነች። ነቢዩ ናሆም ስለ ጥፋቷ የተናገረው ቃል እንዲሁ ተፈጸመ።

ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ከቈየች በኋላ፣ በ1843 ፖል ኤሚል ቦታ የተባለ በሞሱል የፈረንሳይ ቆንስል፣ ከነነዌ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኮርሳባድ መንደር ቁፋሮ አድርጎ የንጉሥ ሳርጎንን ቤተ መንግሥት አገኘ። ይህ ሳርጎን ስሙ በመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይኸውም በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 20 የተጠራ ንጉሥ ነው። በ1845 ደግሞ ኦስተን ሄንሪ ሌያርድ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ካለህ በተባለችው፣ ዛሬ ኒምሩድ በምትባለው ስፍራ መቈፈር ጀመረ፤ ኋላም ወደ ኩዩንጂክ ተሻግሮ የሰናክሬምን ቤተ መንግሥት ገለጠ። የተገኙት ድንጋዮች በአየር በተነፋ የፍየል አቁማዳ ላይ በታሰረ የግንድ ታንኳ ተጭነው በጤግሮስ ወንዝ ወደ ታች እስከ ባሕሩ ወረዱ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በሎንዶንና በፓሪስ ያሉት የአሦር አዳራሾች የተሞሉት በዚህ ዓይነት ነው።

ወደ አዳራሹ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው በበሩ ግራና ቀኝ የቆሙትን ክንፍ ያላቸውን ታላላቅ በሬዎች ነው። ፊታቸው የሰው፣ ገላቸው የበሬ፣ ክንፋቸው የንስር ነው፤ ጢማቸውም በሥርዓት የተጐነጐነ ነው። ከኮርሳባድ የመጡት ሁለቱ ቁመታቸው ከ4 ሜትር ይበልጣል። አሦራውያን እነዚህን የቤተ መንግሥት በር ጠባቂዎች አድርገው ያቆሟቸው ነበር። አንድ የሚያስገርም ነገር አላቸው፤ እግራቸው አምስት ነው። ቀራጩ ከፊት ለሚያይ ሰው ሁለቱ የፊት እግሮች ጸጥ ብለው የቆሙ፣ ከጐን ለሚያይ ሰው ግን አራቱ እግሮች የሚራመዱ ሆነው እንዲታዩት አምስተኛውን ጨመረ። በአንደኛው መቆሚያ ላይ ደግሞ በር ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ሥራ በፈቱ ጊዜ ይጫወቱበት ዘንድ የጫሩት የገበታ ጨዋታ ሰሌዳ እስከ ዛሬ ይታያል። ንጉሡ ለግርማው ያሠራው ድንጋይ ለዘበኛው የጨዋታ ገበታ ሆኖት ኖሯል።

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ አርባዕቱ እንስሳን፣ ገጸ ሰብእን፣ ገጸ አንበሳን፣ ገጸ ላህምንና ገጸ ንስርን ሥለው ያየን እኛ እነዚህን ጠባቂዎች ስናይ ነቢዩ ሕዝቅኤል ትዝ ይለናል። ነቢዩ በምርኮ ሳለ ራእዩን ያየው በዚያው በመስጴጦምያ ምድር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ነውና። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መዘንጋት አይገባም። የአሦር በሬዎች የንጉሡን ደጅ ይጠብቃሉ፤ ነቢዩ ያያቸው ኪሩቤል ግን የእግዚአብሔርን ዙፋን ይሸከማሉ። ለምርኮኛው ነቢይ የታየው ዙፋን ምርኮኞቹን ተከትሎ እስከ ባዕድ አገር መጣ።

ከበሮቹ ወደ ውስጥ ያሉት ግድግዳዎች በተቀረጹ የድንጋይ ሰሌዳዎች የተሸፈኑ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ከጭቃ ጡብ ስለ ነበረ፣ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል በሞሱል አካባቢ በሚገኘው ልስልስ የጀሶ ድንጋይ ይሸፍኑት ነበር። ድንጋዩ ልስልስ በመሆኑ የፈረሱ ልጓም ጥልፍ፣ የልብሱ ዘርፍ፣ የእጅ ጅማት ሳይቀር ተቀርጾበታል። ዛሬ ግራጫ መስሎ ይታያል እንጂ በጥንቱ ዘመን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም ነበረበት፤ የቀለሙም ምልክት በአንዳንድ ስፍራ ተገኝቷል።

እነዚህን ሰሌዳዎች የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ሲያይ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በአንድ ወገን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ታይቶ ይሣላል። በአሦራውያን ዘንድ ግን ንጉሡም ወታደሩም፣ ገዳዩም ሟቹም ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በአንድ ወገን ተቀርጸዋል። ስለዚህ በዓይን ቍጥር ጻድቁን ከኃጥኡ ለመለየት አይቻልም። ተመልካቹ ራሱ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚሸከም መርምሮ መፍረድ አለበት። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይህን ምርመራ የሚጠይቀው የለኪሶ ክፍል ነው።

ለኪሶ በይሁዳ መንግሥት ከኢየሩሳሌም ቀጥሎ የጸናች ምሽግ ነበረች። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ701 ዓመት የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በሕዝቅያስ ላይ ዘምቶ ለኪሶን ከበባት። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 18 ሕዝቅያስ ሰናክሬም በለኪሶ ሳለ መልእክት እንደ ላከበትና ግብር እንደ ከፈለው ተጽፏል። ሰናክሬም ወደ ነነዌ በተመለሰ ጊዜ ይህን ድሉን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ አስቀረጸው። ሌያርድ ክፍሉን ካገኘው በኋላ ሰሌዳዎቹ ወደ ሎንዶን ተወስደው ዛሬ በተርታ ቆመዋል።

በመካከል ከተማዪቱ በሁለት ቅጥር ታጥራ ትታያለች። አሦራውያን ከታች እስከ ቅጥሩ ድረስ የአፈር ድልድል ደልድለው፣ ቅጥር የሚደበድቡ ሠረገሎችን በላዩ ላይ ይገፋሉ። የከተማዪቱ ሰዎች ከላይ ሆነው የሚነድ ችቦ ይወረውራሉ፤ በሠረገላው ውስጥ ያለው አሦራዊ ወታደር ደግሞ እሳቱ እንዳይዘው በረጅም ጭልፋ ውኃ ያፈስበታል። ቀስተኞች ይነድፋሉ፤ ወንጭፈኞች ያወናጭፋሉ። ከቅጥሩ በታች በሹል እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሦስት ራቁታቸውን ያሉ ሰዎች አሉ። ከዚያ በኋላ ከከተማዪቱ በር የሚወጡት ይታያሉ። ሴቶች ረጅም መሸፈኛ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ለብሰው፣ ስልቻቸውን ተሸክመው፣ ሕፃናት ልጆቻቸውን አስከትለው ይሄዳሉ። በበሬ በሚሳብ ጋሪ ላይ ሴቶችና ሕፃናት በጓዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወታደሮቹም ከተዘረፈው ዕቃ መካከል ዙፋን፣ ሠረገላና ሁለት ታላላቅ ባለ እግር ዕቃዎች ይዘዋል፤ እነዚህን ሁለቱን ሊቃውንት የዕጣን ማጠኛ ናቸው ይላሉ። በመጨረሻም ሰናክሬም በኮረብታ ላይ በዙፋኑ ተቀምጦ የለኪሶ ምርኮ በፊቱ ሲያልፍ ይታያል። ከራሱ በላይ በሽብልቅ መሳዩ ጽሕፈት የንጉሡ ስም፣ የከተማዪቱም ስም ተጽፏል።

ነገር ግን የንጉሡ ፊት የለም። ሆን ተብሎ በብረት ተቀጥቅጦ ጠፍቷል። ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚገምቱት ይህን ያደረጉት ነነዌ በወደቀች ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገቡ ጠላቶች ናቸው። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ የሕፃናቱ ፊት ደህና ሆኖ ሲገኝ፣ ይታወስ ዘንድ ይህን ሁሉ ያሠራው የንጉሡ ፊት ብቻ ጐድሎ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የንጉሥ ፉከራ ብቻ አለመሆኑ በምድሪቱ ላይም ተረጋግጧል። ዛሬ በእስራኤል አገር የሚገኘው የለኪሶ ጉብታ በ1930ዎቹ በእንግሊዞች፣ ከ1973 ጀምሮም በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ በዳዊት ኡሲሽኪን መሪነት ተቈፍሯል። የአፈርና የድንጋይ ድልድሉ በድንጋዩ ሰሌዳ እንደ ተቀረጸው ተገኘ፤ የቀስት ጫፎችና የወንጭፍ ድንጋዮች በብዛት ተለቀሙ። በቅጥሩ ውስጥ በኩል ደግሞ የከተማዪቱ ሰዎች ቅጥሩ እንዳይደረመስ በጭንቅ ሰዓት የቈለሉት የመከላከያ ድልድል ተገኘ። ይህን የአሦር ቀራጭ አላሳየውም፤ የመሰከረላቸው አፈሩ ነው።

በዚያው ቤተ መዘክር በላይኛው ደርብ ስድስት ገጽ ያለው፣ ቁመቱ 38 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሸክላ ዓምድ ይገኛል። በነነዌ ተገኝቶ ቴይለር በተባለው እንግሊዛዊ ኮሎኔል እጅ የገባ ሲሆን፣ በላዩ የሰናክሬም ዘመቻዎች በሽብልቅ መሳዩ ጽሕፈት ተጽፈዋል። ንጉሡ ከይሁዳ 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደ ያዘ፣ 200,150 ሰው እንደ ማረከ፣ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም ውስጥ በጎጆ እንደ ታሰረ ወፍ እንደ ዘጋበት ይናገራል። ሕዝቅያስ ከከፈለው ግብር ወርቁን 30 መክሊት ይለዋል፤ ይህም በመጽሐፈ ነገሥት ካለው ቍጥር ጋር አንድ ነው። ብሩን ግን 800 መክሊት ሲለው ቅዱስ መጽሐፍ 300 ይለዋል። ከሁሉ የሚደነቀው ዓምዱ ያልተናገረው ነገር ነው። ስለ ብዙ ከተማ መያዝ የሚፎክረው ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ያዝሁ የሚል ቃል የለውም። የእግዚአብሔር መልአክ ወጥቶ የአሦርን ሰፈር እንደ መታ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል፤ ንጉሡ ስለዚህ ዝም ይላል፤ ለግድግዳው ጌጥም ኢየሩሳሌምን ትቶ ለኪሶን መረጠ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ681 ዓመት ሰናክሬም በገዛ ልጁ እጅ መገደሉን የባቢሎን ታሪክ ጸሐፊዎችም መዝግበውታል።

ይህ ሁሉ የታወቀው ጽሕፈቱ ስለ ተነበበ ነው። ሽብልቅ መሳዩ ጽሕፈት በሸምበቆ ብዕር በእርጥብ ሸክላ ላይ እየተጫነ የሚጻፍ ሲሆን፣ ምስጢሩ የተፈታው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። በ1857 አራት ሊቃውንት፣ ሮሊንሰን፣ ሂንክስ፣ ታልቦትና ኦፐርት፣ አንዱን ጽሑፍ እያንዳንዳቸው ሳይመካከሩ ተርጕመው በታሸገ ፖስታ ባቀረቡ ጊዜ ትርጕማቸው በዋናው ነገር ተስማማ። ከዚህ ወዲህ ንባቡ እውነተኛ ለመሆኑ ጥርጥር አልቀረም።

በግእዝ ትምህርት ያደጉ አንባብያን ከዚህ ቋንቋ ጋር ዘመድ መሆናቸውን ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። አካድኛ የተባለው የአሦርና የባቢሎን ቋንቋ ከግእዝ፣ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋር የሴም ነገድ ቋንቋ ነው። ቤትን ቢቱ፣ ልብን ሊቡ፣ ሞትን ሙቱ፣ ኮከብን ካካቡ ይላል። ውሻን ካልቡ ሲል ግእዙ ከልብ ይለዋል፤ ጆሮን ኡዝኑ ሲል ግእዙ እዝን ይለዋል። ባ፣ ቢ፣ ቡ እያለ ተነባቢውን ከነድምፁ በአንድ ምልክት መጻፉም ለፊደል ቈጣሪ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዲህ እነዚህ ሰሌዳዎች ፈጽመው የባዕድ ዕቃ አይደሉም።

ከነነዌ ቤተ መጻሕፍት የተሰበሰቡት የሸክላ ሰሌዳዎችና ስብርባሪዎች 30,000 ያህል ናቸው። ያከማቻቸው የሰናክሬም የልጅ ልጅ አሹርባኒፓል ነው። ከተማዪቱን የበላው እሳት ብራናና እንጨት ቢሆኑ ኖሮ ባጠፋቸው ነበር፤ ሸክላ በመሆናቸው ግን ብዙዎቹን ጠብሶ አጸናቸው። ከእነዚህ መካከል በ1872 ጆርጅ ስሚዝ የተባለ፣ አስቀድሞ የገንዘብ ወረቀት ቅርጽ መቅረጽን የተማረ ሰው፣ ስለ ጥፋት ውኃ፣ ስለ መርከብ፣ በተራራ ላይ ስለ ማረፉና ወፎች ስለ መላካቸው የሚናገረውን ሰሌዳ አንብቦ ለዓለም አስታወቀ።

አሹርባኒፓል የራሱን ቤተ መንግሥት ግድግዳ በአንበሳ አደን ሥዕል አስጊጦታል። በዚያ አዳራሽ የትምህርት ቤት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው የቈሰለችውን እንስት አንበሳ በእርሳስ ሲነድፉ ይታያሉ። ፍላጻ ወገቧን ወግቶ የኋላ እግሮቿ ሽባ ሆነው፣ በፊት እግሮቿ እየተሳበች ታገሣለች። ቀራጩ ንጉሡን እንዲያከብር ታዘዘ፤ እጁ ግን ለምትሞተው አራዊት አዘነ። ከዚሁ ቤተ መንግሥት የመጣ ሌላ ሰሌዳ ደግሞ የግብጽን ምሽግ መያዝ ያሳያል። ከበሩ ታስረው ከሚወጡት ወታደሮች መካከል በራሳቸው ላይ ላባ የሰኩ የኩሽ ሰዎች አሉ። ኩሽ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢትዮጵያ ተብሎ የተተረጐመው፣ ከግብጽ በስተ ደቡብ የነበረው መንግሥት ነው፤ በሰናክሬም ላይ ለሰልፍ እንደ ወጣ የተጻፈለት ቲርሐቅም የዚያ መንግሥት ንጉሥ ነበረ።

ይህን ቤተ መንግሥት በ1853 ያገኘው ሰው ስሙ በአገራችን ታሪክም የታወቀ ነው። እርሱም ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል። በ1826 በሞሱል ከከለዳውያን ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ፤ የሌያርድ ረዳት ሆኖ ሠራ። ስፍራው ለፈረንሳዮች የተመደበ ስለ ነበረ ሠራተኞቹን በሌሊት አሰማርቶ አስቈፈረ፤ በጥቂት ሌሊት ውስጥም የአንበሳው አደን ወጣ። በ1864 የእንግሊዝ መንግሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎችን እንዲያስፈታ ይህንኑ ሰው መልእክተኛ አድርጎ ላከው። ራሳምም ምጽዋ ደርሶ ብዙ ጊዜ ከጠበቀ በኋላ በ1866 ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረበ፤ በመጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፤ ኋላ ግን ታስሮ እስከ 1868 ድረስ በመቅደላ አምባ ቈየ። የነነዌን ምርኮኞች ከአፈር ያወጣ ሰው ራሱ በእግር ብረት ተቀመጠ።

እርሱን ለማስፈታት የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያች ቀን በገዛ እጃቸው ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተዘረፉ። ከጦሩ ጋር የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ነበረና ለቤተ መዘክሩ የሚሆነውን ገዛ። ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ወደዚያ ሄዱ፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቤተ መዘክሩ ራሱ እንደሚያስታውቀው 11 ታቦታት በእርሱ ዘንድ አሉ፤ አብዛኞቹም ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ለሕዝብ እንዳይታዩ ተከድነው በዝግ ስፍራ ተቀምጠዋል።

ከለኪሶ ሰሌዳዎች ፊት የሚቆም ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን እንግዲህ ምን ያስባል? በድንጋዩ ላይ የጦር ሰዎች የቤተ መቅደስ የሚመስል ዕቃ ይዘው ወደ ንጉሣቸው ይሄዳሉ። ይህን ድንጋይ በያዘው ቤት ጣራ ሥር የቤተ መቅደሳችን ታቦታት በጨለማ ተቀምጠዋል። ይህን የምንጽፈው ቂም ለመትከል አይደለም። ቤተ መዘክሩ ባይጠብቃቸው ኖሮ ከእነዚህ ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ባልኖሩ ነበርና ይህም መነገር አለበት። ዳሩ ግን ማንም ቢጠብቀው የሰው ገንዘብ የሰው ገንዘብ መሆኑ አይቀርም፤ ታቦት ደግሞ የቅዳሴ መሠዊያ እንጂ የመጋዘን ዕቃ አይደለም። ልጆቻችን ይህን ሲጠይቁ ሳንቈጣም ሳናፍርም፣ ዘመኑንና ስሙን ጠቅሰን ልንነግራቸው ይገባል።

ስለ ጥበቃ ከተናገርን በነነዌ ምድር በቅርቡ የሆነውን መርሳት አይቻልም። በ2014 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው የታጣቂዎች ቡድን ሞሱልን በያዘ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ ክርስቲያኖች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የነቢዩ ዮናስ መቃብር የተባለው ስፍራ በፈንጂ ፈረሰ። በ2015 በሞሱል ቤተ መዘክር ያሉ ቅርጾች በመዶሻ ተሰበሩ፤ በኒምሩድም የነበረው ቤተ መንግሥት በፈንጂ ተናደ። ሞሱል በ2017 ከታጣቂዎቹ እጅ ከወጣች በኋላ፣ ዘራፊዎች ከነቢ ዩኑስ ሥር በቈፈሩት ዋሻ ውስጥ የሰናክሬም ልጅ የአስራዶን ቤተ መንግሥት ቅርጾች ተገኙ። በ2022 ደግሞ ማሽኪ የተባለው የከተማዪቱ በር ሲታደስ በሰናክሬም ዘመን የተቀረጹ ሰሌዳዎች ከአፈር ወጡ። በአንድ በኩል የሚያፈርስ እጅ ሲነሣ፣ በሌላ በኩል አፈሩ የደበቀውን ይሰጣል።

የነነዌ ሜዳ ክርስቲያኖችም እንደ እኛ የነነዌን ጾም ይጾማሉ። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የሶርያ ኦርቶዶክስ፣ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያንና ከለዳውያን ይህን የሦስት ቀን ምሕላ ከጥንት ጀምሮ ጠብቀዋል። ለእነርሱ ነነዌ የመጽሐፍ ስም ብቻ ሳትሆን የአባቶቻቸው ቀዬ ናት፤ ከ2014 ወዲህም ብዙዎቹ በባዕድ አገር ሆነው ይጾሙላታል። በመጪው ጾም በየቤታችን ስንጸልይ እነርሱን ብናስብ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽም። በሰናክሬም ሰሌዳዎች ላይ ምርኮ በሚቈጠርበት ስፍራ ሁሉ ሁለት ጸሐፊዎች ጐን ለጐን ቆመው ይታያሉ። አንዱ በሰሌዳ ላይ፣ ሁለተኛው በጥቅል ላይ ይጽፋል። የሚዘርፈው ንጉሥ የዘረፈውን አንድ በአንድ አስቈጥሯል። የእኛ አባቶችም ይህን ጥበብ ያውቁ ነበር። የደብሩን መስቀል፣ ጽዋ፣ ጻሕል፣ መጽሐፍና ልብሰ ተክህኖ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬ ስለ ብዙ አድባራት ሀብት የምናውቀው ከእነዚያ የኅዳግ ጽሑፎች ነው። በየአጥቢያችን ያሉ ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የተማሩ ልጆቻችን ተባብረው ንዋየ ቅድሳቱን ቢቈጥሩ፣ ቢመዘግቡ፣ መታየት የሚፈቀደውንም በፎቶግራፍ ቢያስቀሩ፣ ነገ የጠፋ ነገር ቢኖር የእኛ ነው ለማለት ማስረጃ ይሆናል። የለኪሶ ሰዎች የጻፉት ዝርዝር አልተገኘም፤ ስለ ዕቃቸው የምናውቀው ከወሰደባቸው ንጉሥ ግድግዳ ነው። የእኛ ልጆች ግን የአባቶቻቸውን ንብረት ከወሳጁ መዝገብ ሳይሆን ከደብራቸው ወንጌል ያንብቡት።